ላም አለኝ በሰማይ፦ ታላቁን ኮምፒዩተር ለሚጠብቁ ወንድሞቻችን የተሰጠ መልስ

ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እኛ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች አንድ አጭር ሐሳብ አቅርበን ነበር። አርጅተዋል ተብለው ከአገልግሎት የወጡ ኮምፒዩተሮችን እንለምን፤ እንጠግን፤ በክረምቱ ዕረፍት ወደየአገራችን ይዘናቸው እንሂድና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፕሮግራም መጻፍ እናስተምርባቸው፤ ማስተማሪያውም የቼዝ ጨዋታ ይሁን አልን። ከማኅበሩ የጠየቅነው ገንዘብ ለመለዋወጫና ለጭነት የሚሆን ብቻ ነበር።

ያገኘነው መልስ ሣቅ ነው። ሣቁ ሲበርድ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ለዚሁ ተብለው በተሠሩ በብዙ ሺህ ቺፖች ነው፤ እናንተ በወዳደቀ ኮምፒዩተር ቼዝ እናጫውት ትላላችሁ፤ መጀመሪያ ሱፐር ኮምፒዩተር ይምጣ፣ ማዕከል ይሠራ፤ የቀረው ከዚያ ወዲያ ይደርሳል» ሲል ተናገረ። ብዙዎችም አጨበጨቡለት። ሐሳባችን «ወደፊት ይታያል» ተብሎ በይደር ተቀመጠ።

«ወደፊት ይታያል» የሚለውን ቃል በደንብ እናውቀዋለን። ባደግንበት ደጋ የመንገዱም፣ የድልድዩም፣ የመብራቱም ጥያቄ ሲመለስ የኖረው በዚሁ ቃል ነው። አሁን ግን ቃሉ የወጣው ከቢሮ ሳይሆን ከተማሪ አፍ ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ለወንድማችን ክብር አለን፤ የተናገረው ግን ከራሱ ከቼዝ ኮምፒዩተር ታሪክ ጋር እንኳ አይስማማም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ጉልበትና ዘዴ

ኮምፒዩተር ቼዝ የሚጫወተው እንዴት ነው? በጨዋታው መካከል ባለተራው በአማካይ ወደ 35 የሚጠጋ የእርምጃ ምርጫ አለው። ለእያንዳንዱ እርምጃ ባላጋራው እንደዚሁ 35 ያህል መልስ አለው። ሦስት የራሱን፣ ሦስት የባላጋራውን፣ በድምሩ ስድስት እርምጃ አርቆ ለማየት የፈለገ ኮምፒዩተር 35ን ስድስት ጊዜ እርስ በርሱ ማባዛት አለበት። ውጤቱ 1,838,265,625 አሰላለፍ ነው። እርምጃ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ክምሩ እንደገና በ35 ይባዛል።

ይህን ክምር ለማለፍ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጉልበት ነው፤ ይኸውም ቼዝ ብቻ የሚያውቅ ልዩ ቺፕ ሠርቶ፣ ብዙውን አጋጥሞ፣ ክምሩን በፍጥነት መቍጠር ነው። ሁለተኛው ዘዴ ነው፤ ይኸውም ሊቈጠር የማይገባውን አውቆ መተው ነው።

ዘዴው ለመርሐቤቴ እረኛ አዲስ አይደለም። ከአፋፉ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርዱ ብዙ ዱካዎች ቢኖሩ፣ አንዱ ዱካ ገደል ላይ እንደሚያወጣ የተረዳ እረኛ «እስቲ ደግሞ ሌላ ገደል አለበት ወይ?» ብሎ እስከ መጨረሻው አይሄድበትም። አንድ ገደል ይበቃዋል፤ ትቶት ወደ ሌላው ዱካ ያልፋል። በቼዝም እንዲሁ ነው። ለአንድ እርምጃ ባላጋራው የሚጎዳን አንድ ጥሩ መልስ ካገኘና ከዚህ የተሻለ እርምጃ አስቀድመን በእጃችን ከያዝን፣ የቀሩትን 34 መልሶች መቍጠር ከንቱ ድካም ነው። ይህ ዘዴ አልፋ ቤታ ይባላል። ዶናልድ ክኑትና ሮናልድ ሙር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጥናት መሠረት ቢሰላ፣ እርምጃዎቹ ከተሻለው ወደ ከፋው ተደርድረው የቀረቡ እንደ ሆነ፣ ያ 1,838,265,625 የነበረው ክምር ወደ 85,749 ይወርዳል። የሚመረጠው እርምጃ ግን ያው ነው፤ ምንም አይጎድልበትም።

ልብ በሉ! ከ21 ሺህ ጊዜ በላይ የሚበልጥ ጉልበት በአንድ ሐሳብ ተተካ። ሐሳቡን ለመረዳት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። በእርግጥ ድርድሩ ሁልጊዜ ፍጹም አይሆንም፤ ስለዚህም በተግባር የሚገኘው ትርፍ ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም የተሻለውን እርምጃ አስቀድሞ ለመገመት የሚደረገው ጥረት ራሱ የዕውቀት ሥራ ነው እንጂ የገንዘብ ሥራ አይደለም።

በሆንግ ኮንግ የሆነው

ጉልበት የነገሠበት ዘመን እንደ ነበረ አንክድም። እ.ኤ.አ. በ1980 የኮምፒዩተሮችን የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ቤል የተባለው መሣሪያ ኬን ቶምሰንና ጆ ኮንደን ለቼዝ ብቻ ብለው የሠሩት ነበር። በ1983 እና በ1986 ያሸነፈው ክሬይ ብሊትዝ በሱፐር ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር። በ1989 ያሸነፈው ዲፕ ሶውትም ልዩ ቺፕ ነበረው። ወንድማችን ንግግሩን ያን ጊዜ ቢያደርገው ኖሮ እኛም ባጨበጨብንለት።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ሻምፒዮናው በሆንግ ኮንግ ሲደረግ የተሰለፉትን ተመልከቱ። አይ.ቢ.ኤም. የዲፕ ብሉን የሙከራ መሣሪያ አሰለፈ። ስታር ሶክራተስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ 1,824 ፕሮሰሰር ባለው ኢንቴል ፓራጎን በተባለ ሱፐር ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ቀረበ። ሆላንዳዊው ፍራንስ ሞርሽ የጻፈው ፍሪትስ 3 ግን የመጣው በ90 ሜጋኸርትዝ ፔንቲየም፣ ማለት በዚያን ዘመን ማንም ነጋዴ ቢሮው ውስጥ ሊያስቀምጠው በሚችል ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ፍሪትስ የዲፕ ብሉን የሙከራ መሣሪያ አሸነፈ። ከስታር ሶክራተስ ጋር በነጥብ እኩል ወጡና በመለያው ጨዋታ እሱንም አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። አንዱ ፕሮሰሰር 1,824ቱን ረታ ማለት ነው።

«አንድ ውድድር አጭር ነው፤ ዕድልም ይገባበታል» የሚል ሰው ቢኖር እውነቱን ነው። ስለዚህ በሆንግ ኮንግ ብቻ አንከራከርም፤ የሚመጣውን እንይ።

የዲፕ ብሉ ድልና ዕጣ

እ.ኤ.አ. በ1996 በፊላዴልፊያ ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉን 4 ለ 2 አሸነፈ። በግንቦት 1997 በኒው ዮርክ ዲፕ ብሉ ካስፓሮቭን 3½ ለ 2½ አሸነፈ። በግጥሚያ ደንብ የዓለምን ሻምፒዮን ያሸነፈ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር እሱ ነው። ፌንግ ሲዩንግ ሹ፣ መሪ ካምቤልና ጆ ሆን የሠሩት ይህ መሣሪያ 30 የተገናኙ ኮምፒዩተሮችና 480 የቼዝ ቺፖች ነበሩት፤ ክብደቱ 1.4 ቶን፣ ፍጥነቱ በአንድ ሰከንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ ነበር። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ወንድማችን የዚህን መሣሪያ ስም ሲጠራ ግን ሁለት ነገር ዘለለ። አንደኛው፣ መሐንዲሶቹ ከ1996ቱ ሽንፈት በኋላ ፍጥነት ብቻ አልጨመሩም። ቺፑን እንደገና ነድፈው ተጨማሪ የቼዝ ዕውቀት አስገቡበት፤ ጆኤል ቤንጃሚን የተባለውን ግራንድ ማስተር አጠገባቸው አስቀምጠው መሣሪያው ያልገባውን ነገር እያሳያቸው አረሙት። ጉልበተኛው ራሱ ያሸነፈው ከተማረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ካስፓሮቭ እንደገና እንጋጠም ቢል ኩባንያው እንቢ አለ፤ መሣሪያውም ከውድድር ወጣ። ዛሬ አካሉ በአሜሪካ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ይታያል። በቺፑ ላይ የተቀረጸው ዕውቀት ከቺፑ ጋር ቀረ፤ ማንም ተማሪ ቀድቶ አላሻሻለውም፤ ማንም መንደር አልደረሰም። ከተራው ፕሮግራም ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም ይቀዳል፣ ይታረማል፣ ኮምፒዩተሩ ሲሻሻል አብሮ ይሻሻላል፤ ከባለቤቱ ሞት በኋላ እንኳ ሌላ ሰው ይወርሰዋል።

ከሙዚየሙ ውጭ

ጉልበት ከ1997 በኋላም ደጋፊ አላጣም። በአቡ ዳቢ የተሠራው ሃይድራ ልዩ ቺፖችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2005 በለንደን እንግሊዛዊውን ማይክል አዳምስን 5½ ለ ½ ደቆሰው። በሚቀጥለው ዓመት በጀርመን አገር በቦን ከተማ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላዲሚር ክራምኒክ ከዲፕ ፍሪትስ ጋር ተጋጠመ። ይህኛው ቺፕ የሚባል ልዩ ነገር አልነበረውም፤ ከገበያ በሚገዙ ፕሮሰሰሮች ላይ የሚሠራ፣ በሰከንድ ወደ 8 ሚሊዮን አሰላለፍ የሚያይ ነበር። ይህ ከዲፕ ብሉ ፍጥነት 25ኛው እጅ ነው። ግን 4 ለ 2 አሸነፈ። ክራምኒክ በሁለተኛው ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት ሳያይ እንዳለፈ እናውቃለን፤ አንደብቀውም። ቢሆንም ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አላሸነፈም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በቦነስ አይረስ በተደረገ ውድድር ላይ ፖኬት ፍሪትስ 4 የተባለ ፕሮግራም በኪስ ስልክ ላይ ሆኖ ተሰለፈና ከ10 ጨዋታ 9½ ነጥብ አገኘ። ያ ስልክ በሰከንድ የሚያየው አሰላለፍ 20,000 አይሞላም ነበር። ዲፕ ብሉ በአንድ ሰከንድ ያየውን ለማየት ስልኩ ከ10,000 ሰከንድ በላይ፣ ማለት ሁለት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ ያህል መቀመጥ ነበረበት። በቦነስ አይረስ የገጠሙት ተጫዋቾች ካስፓሮቭን የሚያህሉ አልነበሩም፤ እንስማማለን። ቢሆንም ያ ውጤት የግራንድ ማስተሮች ውጤት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከ1.4 ቶን ወደ ኪስ የወረደው የብረቱ ክብደት ብቻ አልነበረም፤ የሚቈጠረውም ክምር ቀለለ። የቀለለውም ሰዎች ስላሰቡበት ነው።

ወንድማችን የጠቀሰው ልዩ ቺፕ

አሁን ወደ ወንድማችን ብርቱ ነጥብ እንምጣ። «አልፋ ዜሮስ?» ብሎ ጠይቆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የጎግል እኅት ድርጅት ዲፕማይንድ፣ አልፋ ዜሮ ከስቶክፊሽ ጋር 100 ጨዋታ ተጫውቶ 28 አሸንፎ በ72 እኩል እንደ ወጣና አንድም እንዳልተሸነፈ ገለጠ። አልፋ ዜሮ ቼዝን የተማረው ከራሱ ጋር በመጫወት ነው፤ ለዚሁም የመጀመሪያው ትውልድ የሆኑ 5,000 ልዩ ቺፖች የጨዋታ ምሳሌ ሲያመርቱለት ነበር። ይህን ያህል ጉልበት እኛ ዘንድ የለም፤ ነገም አይገኝም። እስከዚህ ድረስ ወንድማችን እውነት ተናግሯል።

ግን ንግግሩን እዚህ ላይ ማቆሙ ስሕተት ነው። በዚያ ግጥሚያ ላይ አልፋ ዜሮ በሰከንድ ያየው 80,000 አሰላለፍ ሲሆን ስቶክፊሽ ያየው 70 ሚሊዮን ነበር። ብዙ የቈጠረው ተሸነፈ፤ ጥቂት አይቶ በሚገባ የመዘነው አሸነፈ። ስለዚህ አልፋ ዜሮ ራሱ የሚመሰክረው ለማስተዋል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ስሙ። በ2018 ሊላ የተባለ ፕሮግራም በዚያው መንገድ ተጀመረ፤ የማሠልጠኛውን ጉልበት ያዋጡት ግን በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤቱ ያለውን ኮምፒዩተር አበደረ። በዚያው ዓመት በጃፓን ዩ ናሱ የተባለ ሰው ለጃፓኖች ሰንጠረዥ ለሾጊ የሚሆን፣ በተራ ፕሮሰሰር ላይ በፍጥነት የሚሠራ አነስተኛ የመመዘኛ መረብ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክፊሽ ያን መረብ ወረሰና ኃይሉ እጅግ ጨመረ። ታላላቆቹ ቺፖች ያሳዩት ዕውቀት በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ተራው ኮምፒዩተር ወረደ። ዛሬ ስቶክፊሽን ያለ ገንዘብ፣ በፍላሽ ዲስክ ቀድቶ፣ ኢንተርኔት በሌለበት መንደር በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ማሠራት ይቻላል፤ የዓለምን ሻምፒዮንም ያሸንፋል። የተጻፈበትም ኮድ ለማንም አንባቢ ክፍት ነው።

ሱፐር ኮምፒዩተር ለማንም አይጠቅምም አላልንም። የአየር ጠባይ ትንበያ፣ የዘር ቅንጣት ጥናት፣ የታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች ሥልጠና ብዙ ጉልበት ይፈልጋሉ። አገራችን ይህን ጉልበት ብታገኝ ደስ ይለናል። የምንቃወመው ታላቁ እስኪመጣ ትንሹ ይቀመጥ የሚለውን ነው። ታላቁ ኮምፒዩተር ነገ ደብረ ብርሃን ላይ ቢተከል ማን ያሠራዋል? አልፋ ቤታን በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ጽፎ የማያውቅ ልጅ ነው ወይ? ያን ጊዜ ባለሙያ ከውጭ ይመጣል፤ የእኛ ልጅ በሩን ይጠብቃል።

የተቈለፈው ክፍል

ይህ ክርክር ስለ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለም ባላባከንን። ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን የተማርንበት አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ስሙን አንጠራም። እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተሮች ነበሩ። ክፍሉ ግን ተቈልፎ ይኖር ነበር። ለምን? «ዘመናዊ ላቦራቶሪ ሊሠራ ነው፤ እስከዚያ እንዳይበላሹ» ይባላል። አራት ዓመት ተምረን ስንወጣ በመስኮቱ ስንጥቅ አቧራ ለብሰው እናያቸው ነበር። አንድም ልጅ ሳይነካቸው አረጁ። ካረጁም በኋላ «እነዚህማ አሮጌ ናቸው፤ አዲስ እስኪመጣ ይጠበቅ» ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከከተማ የመጡ ጓደኞቻችን ፕሮግራም ሲጽፉ እኛ ገና የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ፊደል እንፈልግ ነበር። በአእምሮ ያነስን መስሎን ስንት ሌሊት አፍረናል! ያነሰን ግን የዚያ ክፍል ቁልፍ ነበር።

የዛሬው ተማሪ ደግሞ ከእኛም ይልቅ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከርመዋል። ከግሼ አምባ እስከ ወንጭት ማዶ ያለው ልጅ ያጣውን ዓመት ማንም አይመልስለትም። ለዚህ ልጅ «ሱፐር ኮምፒዩተር እስኪመጣ ጠብቅ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከአገር ቤት የተማርነው

የእኛ ደጋ ስለ ጋራ ሀብት ሊማር የሚሄድበት ሩቅ አገር የለም። የጓሳን ምድር ተመልከቱ። ሣሩ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በክፉ ቀን የከብት ነፍስ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በመረጠው አለቃና ባወጣው ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ለዓመታት ይዘጋል፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ አሮጌው ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሟል።

ስቶክፊሽ የሚኖረው በዚሁ ዓይነት ደንብ ነው። ኖርዌጂያዊው ቶርድ ሮምስታድ ከጻፈው ግላውሩንግ ከተባለ ፕሮግራም ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ማርኮ ኮስታልባ ጀመረው። ከ2013 ወዲህ ማንም ሰው ማሻሻያ ሲያቀርብ ፈቃደኞች በሚያበድሩት ኮምፒዩተር ላይ በብዙ ሺህ ጨዋታ ይፈተናል፤ ካጠነከረ ይገባል፤ ካላጠነከረ ይመለሳል። ማን አቀረበው፣ ከየት አገር መጣ፣ ምን ማዕረግ አለው ተብሎ አይጠየቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት በዓይናችን ያየነው እዚህ ላይ ነው። በጓሳና በዚህ ፕሮግራም መካከል አንድ ልዩነት ቢኖር የፕሮግራሙ ሣር ቢታጨድ አለማለቁ ነው።

ሌላም አለ። አባቶቻችን የራሳቸው ሰንጠረዥ ነበራቸው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተሙት ጽሑፍ እንደሚገኘው፣ ጨዋታው የሚጀምረው ወረራ በሚባል ክፍል ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። እጁ የፈጠነ ብዙ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ነገር ግን ብልኁ ተጫዋች ዓይኑን ከባላጋራው አሰላለፍ አይነቅልም፤ ያኛው ሲለውጥ እሱም ይለውጣል። ፈጣን እጅ ብቻ ቢያሸንፍ ኖሮ ጨዋታው የመኳንንት ጨዋታ ሆኖ ባልኖረ።

የምንጠይቀው

እንግዲህ ሐሳባችንን እንደገና እናቀርባለን፤

1ኛ. ማኅበሩ በይደር ያስቀመጠውን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ አውጥቶ በድምፅ ይወስንበት። እንቢታ ቢሆን እንኳ በግልጽ ይነገረን።

2ኛ. የሚጠገኑት ኮምፒዩተሮች መንገድ በፈቀደ መጠን ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ራቤልና ወደ ዓለም ከተማ ይላኩ። መንገድ ባልፈቀደበት፣ ከዚያ አካባቢ ወጥተው በደብረ ብርሃን የሚገኙ ልጆች ይማሩባቸው።

3ኛ. ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ ይሁን። በመጀመሪያ ልጁ ፈረስ የሚሄድባቸውን ቦታዎች የሚዘረዝር ፕሮግራም ይጻፍ። ቀጥሎ አሰላለፍ ይመዝን፤ ወታደር 1፣ ፈረስ 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9 ብሎ ይደምር። ከዚያ አርቆ ማየትን ይጨምር፤ ኮምፒዩተሩም ክምሩ ሥር ሲያቃስት ይይ። በመጨረሻ አልፋ ቤታን ያስገባ። እኛ ይህን ባለፈው ዓመት በመኝታ ክፍላችን ውስጥ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሞክረነዋል። ምሳ በልተን እስክንመለስ ያላለቀው ሥራ፣ ጥቂት መስመር ከጨመርንበት በኋላ ከወንበራችን ሳንነሣ አለቀ። ኮምፒዩተሩ ያው ነበር፤ የተለወጥነው እኛ ነን። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ዳግመኛ «መሣሪያ የለኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

4ኛ. የበረቱት ተማሪዎች ለአባቶቻችን ሰንጠረዥ ፕሮግራም ይጻፉ። አልፋ ቤታ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንደሚጠብቅ አድርጎ የተሠራ ዘዴ ነው፤ ወረራ ደግሞ ተራ የለውም። ታዲያ ኮምፒዩተር ወረራን እንዴት ይጫወት? ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በባዕድ አገር ያለ ሱፐር ኮምፒዩተር መጥቶ እስኪመልስልን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም፤ ጥያቄው የእኛ ነው።

5ኛ. ማኅበሩ በየትምህርት ቤቱ ተቈልፈው ያሉ ክፍሎች እንዲከፈቱ ለሚመለከታቸው ሁሉ ደብዳቤ ይጻፍ። በአጠቃቀም የሚበላሸውን እንጠግናለን። በመቀመጥ ያረጀውን ግን ማንም አይጠግነውም።

ወንድሞችና እኅቶች! በስብሰባው ላይ የሣቁትን አንቀየማቸውም። አንዳንዶቹ ይህን ሲያነቡ ከእኛ ጋር ዊንጭት ይዘው እንደሚሰለፉ ተስፋ አለን። የምንለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታላቅነትን በቶን መመዘን ይተዉ።

በአባቶቻችን ሰንጠረዥ አንድ የሚያምር ደንብ ነበር። በግንቡ ወይም በፈረሱ ንጉሥ የማረከ ሰው ብዙ አይመሰገንም፤ ኃይለኛ ጠጠር ይዞ ማሸነፍ ምን ይደንቃል? በመደቁ፣ ማለት በትንሹ ወታደር የማረከ ግን እጅግ ይመሰገናል። እኛም ግንብ የለንም፤ መደቅ ግን በየተቈለፈው ክፍል ሞልቶናል። ቁልፉን ስጡንና እንጫወት።

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች